ሰባት ከረሜላ

«ሌባ ናቸው የሚል ቃል አልወጣኝም። ምላሳቸው ነው እንጂ፣ እሳቸው ምን ያድርጉ» አለ መምህሩ። ይህን ያለው ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ነው፤ ሳሎኑን ከአማቱ መኝታ የሚለየው አንድ አበባማ መጋረጃ ብቻ መሆኑን የማያውቅ ይመስል። ከመጋረጃው ወዲያ የአልጋቸው ጫፍ ላይ የተቀመጡት እናት ሁሉንም ሰሙ። ሰምተውም ያልሰማ ሰው ያደርጋል ብለው ያሰቡትን አደረጉ፤ የሹራባቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ፈቱና መልሰው ከታች እስከ ላይ ቆለፉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። ከቀለበት ጣታቸው የወጣችው የደም ጠብታ ከጥቂት ደቂቃ በፊት መለኪያዋ ላይ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት አስነብባለች። ከሦስት ቀን በፊት አራት መቶ ሁለት ነበር፤ ከዚያ በፊት ሦስት መቶ ሰባ። የመለኪያው ወረቀት ከገበያ ስለጠፋ በየሦስት ቀኑ ነው የሚለኩት። በየሦስት ቀኑ ደግሞ እቤት ውስጥ ችሎት ይቀመጣል።

«ታዲያ ከየት መጣ? ንገሪኛ!» አለ መምህሩ ለሚስቱ። «መርፌውን አንድ ቀን አላጓደልንም። ዳቦውን በሚዛን ነው የምንሰጣቸው። መጠኑም ሁለት ጊዜ ተጨመረ። መቼም ስኳር ከሰማይ አይዘንብ።»

ሚስቱ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ከመርፌና ከቁጥር ይልቅ ካውያና እንፋሎት ይገባታል። ከቁጥሩም በላይ የሚያስፈራት የእናቷ ግራ እግር ነው። የትንሿ ጣት ጎን ላይ የወጣችው ቁስል መጀመሪያ የምስር ፍሬ ታክል ነበር፤ አሁን ዳር ዳሯ ጠቁሮ የጣቲቱን ግማሽ ወስዳለች። ሆስፒታሉ ሙሉ ለሙሉ ለወረርሽኙ ተለቋል። ስኳር ያለባቸው ታካሚዎች የሦስት ወር መድኃኒታቸው በአንድ ጊዜ ተሰጥቷቸው «እባካችሁ እቤታችሁ ሁኑ፣ ይሄ በሽታ እናንተን አይምርም» ከተባሉ ስድስት ሳምንት አልፏል። የቀረው ስልክ ነው። ስልኩን የምታነሳው ነርስ ጨዋ ናት፤ ግን ከኋላዋ ሁልጊዜ ሌላ ስልክ ይጮኻል። ባለፈው ሳምንት «ተደብቀው የሚቀምሱት ነገር ይኖራል፣ ተከታተሏቸው። ስኳሩ ካልወረደ እግራቸውን ማዳን ይከብዳል» ብላ ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትን መከታተል የመምህሩ ሥራ ሆነ።

ሥራ አገኘሁ ብሎ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ትምህርት ቤት ከተዘጋ አምስተኛ ወሩ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው በፒጃማ ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ሶፋ ሲመላለስ መዋሉ አብሽቆታል። ስለዚህ አንድ ቀን ወጥ ቤት ገባና የስኳሩን ጠርሙስ አውርዶ በሰማያዊ ማርከር ስኳሩ በደረሰበት ልክ መስመር አሰመረበት፤ ከመስመሩ ጎን ቀኑን ጻፈ። በማግስቱ ጠዋት ስኳሩ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አሁን ጠርሙሱ እሱ ራሱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስላቸው የኖራቸውን ካርታዎች መስሏል። መምህሩ መስመሩን የሚያሰምረው ከራት ሻይ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን እያየ የሚጠጣትን አንዲት ሻይ፣ በሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጣፍጠውን፣ ከቁጥር አያስገባትም። ማርከሩን የያዘው እሱ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። ሚስቱም ቢሆን ከሥራ ደክማ ስትመለስ የምታየው መስመሩንና ከመስመሩ በታች ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

«ዛሬ አልጋቸው ካልታየ እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም» አለ።

ተኳሿ መጋረጃውን ገለጠች። «እማዬ፣ አንዴ ተነሺልኝ።»

እናት ለምን ብለው አልጠየቁም። ተነሱ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ፣ ሁለት እጆቻቸውንም ከትከሻቸው በላይ አነሱ። ወዲያው ምን እንዳደረጉ ገብቷቸው ደንገጥ ብለው አወረዱ። «የቆየ አመል ነው» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

አመሉ በእርግጥ የቆየ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ አሻጊ ነበሩ። በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ በሩ ላይ እጅ ወደ ላይ ነው፤ ፈታሿ ከብብት ጀምራ ወገብ፣ ኪስ፣ የፀጉር መሸፈኛ ሳይቀር ትዳብሳለች። እናት ይህን ሲያወሩ እያሳቁ ነበር። አንድ ቀን አጠገባቸው የምትሠራ ሴት ያንጠባጠበችው ከረሜላ እሳቸው እግር ሥር ተገኘ። የፋብሪካውን ደንብ ሁሉም ያውቀዋል። «አልወሰድኩም» ብላ የተከራከረች ጉዳይዋ ቢሮ ይወጣል፤ ጉዳይዋ ቢሮ የወጣ ደግሞ ተመልሳ ማሽን ፊት አትቆምም። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ያለች የአንድ ቀን ደሞዝ ተቀጥታ በነጋታው ሥራዋን ትቀጥላለች። «አዎ አልኩና ዳንኩ» ይሉ ነበር እናት፤ «እናንተን ያሳደገቻችሁ ያቺ አዎ ናት።» ቤተሰቡ ሁሉ ይስቃል። መምህሩም ገና እጮኛ ሆኖ ቤት የመጣ ጊዜ እንባው እስኪፈስ የሳቀው በዚህ ታሪክ ነበር።

ዛሬ አልሳቀም። ተኳሿ አንሶላውን ገፈፈች፣ ትራሱን አራገፈች፣ ፍራሹን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ በሌላው ዳበሰች። ፍራሹ ሥር፣ ግድግዳው በኩል፣ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር እጇ ገባ። ፈታችው። ከረሜላ ነው።

«ለሚያንቀጠቅጠኝ ጊዜ ነው» አሉ እናት ቶሎ ብለው። «ሐኪሙ ራሱ ነው ያዘዘኝ፤ ስኳሩ ሲወርድብሽ አንድ ጉረሺ ብሎ። እቤት ያለውን ስትጥሉብኝ ጊዜ እነዚህን አስቀረሁ።»

«አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው እኮ እማማ! ምኑ ነው የሚወርድብዎት?» አለ መምህሩ መጋረጃው ጋ ቆሞ።

ተኳሿ ቆጠረቻቸው። ሰባት ናቸው። ወረቀታቸው ግራና ቀኝ እንደተጠመዘዘ ነው፤ አንዱም አልተነካም። «አልተበሉም፣ ሙሉ ናቸው» አለች፤ ልቧ ለአፍታ ቀለል አለ።

«የቀሩትማ ሙሉ ናቸው። ሰባት የቀረው ከስንት ላይ ነው?»

ተኳሿ መሐረቡን ጠቅልላ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ ስድስት ሳምንት ሙሉ የተጠራቀመው ፍርሃቷ ቁጣ ሆኖ ወጣ። «እግርሽን ሊቆርጡት ነው!» ብላ ጮኸች። «ይገባሻል? እግርሽን! ለአንድ ማንኪያ ስኳር ብለሽ እኔን ልትገይኝ ነው እንዴ?» እናት የልጃቸውን ፊት ትክ ብለው አዩ። «እኔ እኮ አልበላሁም ልጄ» አሉ፤ አንዴ ብቻ፣ በቀስታ። ማንም አላመናቸውም። ተኳሿ የአልጋውን አንሶላ መልሳ ሳታነጥፍ ወጣች።

ከቤት ስትወጣ ፔርሙስ ይዛለች። ፔርሙሱ ውስጥ በበረዶ መሃል በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ አለ። መርፌዎቹ ወደ ማለቁ ስለሆኑ ትናንት መድኃኒት ቤት ደውላ ነበር፤ ሰውየው «አሁን የመጡት መርፌዎች ልኬታቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ከብልቃጡ ጋር ካልተመሳሰለ ትሳሳታላችሁ፣ ብልቃጡን ይዘሽ ነይ» አላት። መድኃኒቱ ከቅዝቃዜ መውጣት እንደሌለበት ታውቃለች። በዚህ በኩል የምትታማ ሴት አይደለችም።

ላውንደሪው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ምድር ቤት ነው። ድሮ የሆቴሎች አንሶላ፣ የሙሽራ ልብስ፣ የቢሮ መጋረጃ ይመጣ ነበር። አሁን ሙሽራም ቢሮም የለም። ትልቁ ሆቴል በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ተለይተው የሚቆዩበት ሆኗል፤ የሚመጣው የነሱ አንሶላ ብቻ ነው። ከረጢቱ ሲደርስ ማንም አይነካውም። ጓሮ ባለው ቆርቆሮ መደብ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ በመጨረሻ እሷ ካውያ ሥር ይገባል። አለቃቸው ለዚህ ደንብ ሟች ነው። «ፀሐይና ሙቀት የማይገድለው ነገር የለም» ይላል፤ እውነትም ከሃያ ሁለቱ ሠራተኞች እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልታመመም። ተኳሿ ደንቡን ቃል በቃል ቤቷ ወስዳዋለች። በረንዳው ላይ የቆርቆሮ ትሪ አለ፤ ከውጭ የመጣ ማንኛውም ነገር፣ ጫማም ይሁን ሳሙና፣ የመብራት ቆጣሪ ደረሰኝም ይሁን፣ ትሪው ላይ ሁለት ቀን ሳይሰጣ ደጃፏን አያልፍም። የገንዘብ ኖቶችን ደግሞ በካውያ ትተኩሳለች። አንዴ አንዱን አሳርራ መምህሩ ለሁለት ቀን አኩርፏል። ግን አኩርፎም ቢሆን ደህና ነው፤ እናቷም ከወረርሽኙ ደህና ናቸው። ይህን እያሰበች ነው በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ከእንፋሎት ጋር ስትታገል የምትውለው።

«እናትሽ እንዴት ሆኑ?» አለቻት አጣቢዋ፣ በማስኳ ውስጥ።

«ምን ይሆናሉ? ስኳር ይሰርቃሉ።» እንዲህ ነው ያለችው። አጣቢዋ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሰምተው ሳቁ፤ አንዷ «እኔ ቤትም እንደዚያ ነው፣ መቆለፍ ነው» ብላ ምክር ጨመረች። ተኳሿ አብራ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ኮቷ ኪስ ውስጥ ያሉት ሰባት ከረሜላዎች ትዝ አሏትና ደስ አላላትም። በእናቷ ስም ሰው ስታስቅ ይህ የመጀመሪያ ቀኗ አልነበረም። ሰባት ሰዓት ላይ አለቃውን አስፈቅዳ ወጣች።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ መሬቱ በነጭ ቀለም ክብ ክብ ተደርጎ ተሰምሮበታል፤ ሰው በየክቡ ውስጥ ቆሞ የፊተኛውን ማጅራት እያየ ይጠብቃል። ተራዋ ሲደርስ መድኃኒት ሻጩ በላስቲክ ከለላው ቀዳዳ እጁን ዘረጋ። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ዓይኖቹ ከእንቅልፍ ማጣት የቀሉ ሰው ነው። ፔርሙሱን ስትከፍት «በበረዶ ይዘሽ መጣሽ? ጎበዝ!» አላት። «ሰው እኮ ኪሱ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ከትቶ ነው የሚያመጣልኝ።» ተኳሿ ደብተሯ ላይ ጎበዝ እንደተጻፈላት ተማሪ ደስ አላት። ሰውየው ጽሑፉን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መርፌዎቹን ሊያወጣ መሳቢያውን ሳበ። ከዚያ ምን እንዳየ እንጃ፣ መሳቢያውን እንደተከፈተ ተወውና ብልቃጡን በሁለት መዳፎቹ መሃል በቀስታ አንከባለለው። ወደ መብራቱ አነሳው። እንደገና አንከባለለው።

«ይሄ መድኃኒት ፀሐይ መቶት ነበር?» አለ።

«ፍሪጅ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው።»

«ነይ እዪ። ሲያንከባልሉት እንደ ወተት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይሄ ግን ተቋጥሯል፤ እዚህ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ተጋግሯል። ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት የት ነበር?»

ተኳሿ ያቺን ቀን አየቻት። መምህሩ የሦስት ወሩን መድኃኒት በጥቁር ላስቲክ አንጠልጥሎ ከሆስፒታል ሲመጣ በሩ ላይ አስቁማው፣ ላስቲኩን በሁለት ጣቷ ተቀብላ፣ ትንፋሿን ይዛ በረንዳ ስትወጣ አየች። ስድስት ብልቃጥ። ከሆስፒታል ነው የመጣው፣ በሽታው ከሚፈላበት ቤት፤ ከዳቦና ከጫማ ሁሉ በላይ ፀሐይ የሚያስፈልገው ይሄ ነው ብላ አሰበች። ፍሪጅ እንደሚገባ ታውቃለች። ታዲያ በወረርሽኙ ተህዋሲ ተነክሮ ፍሪጅ ይግባ? ሁለት ቀን ምን ያደርገዋል? ላስቲኩን ሳትፈታ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ሆስፒታል የዋለ ስለሆነም ከደንቡ በላይ ሦስተኛ ቀን ጨመረችለት። ያን ሳምንት ጣሪያው እስኪንጣጣ ሙቀት ነበር፤ እሷም ሙቀቱን አመስግናዋለች።

«መብራት ጠፍቶ ነበር» አለች። ውሸቱ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው።

«መብራት ጠፍቶ እንዲህ አይሆንም። ይሄ ተቀቅሏል» አለ ሰውየው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ። «ስንት ናቸው እንዲህ የሆኑት?»

«ስድስቱም።»

«ጣሏቸው። ለማን ነው?»

«ለእናቴ።»

«ውሃ ነው ስትወጓቸው የቆያችሁት እህቴ።» አንድ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ አወጣ፤ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም አላት። የሦስት ቀን ደሞዟን የተተኮሱ ኖቶች አድርጋ ሰጠችው። «መጠን ጨምራችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ሁለት ጊዜ አለችው። «እንግዲያው አደራሽን፣ ወደ ድሮው መልሱት። ይሄ ደህናው መድኃኒት ነው፤ በተጨመረው ከወጋችኋቸው ስኳራቸው ባንዴ ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል። አጠገባቸው ከረሜላ ነገር ይኑር፣ ሲያንቀጠቅጣቸው ቶሎ የሚጎርሱት።» ተኳሿ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። መሐረቡ እዚያው አለ። «እግራቸውም ቆስሏል» አለችው፤ «አምስት ሳምንት ሆነው፣ ጠቁሯል።» ሰውየው አቀርቅሮ መርፌዎቹን በወረቀት መጠቅለል ጀመረ። «ሐኪም ሊያየው ይገባል» አለ። ማን ነው የሚያይልን ብላ ልትጠይቀው ነበር፤ ግን እሱም የሚያውቀው አልመሰላትም፤ ከኋላዋም በየክቡ የቆመው ሰው ማጉረምረም ጀምሮ ነበር።

በእግሯ ነው የተመለሰችው። ስድስት ሳምንት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ ሰማንያ ምናምን መርፌ። እናቷ ሰማንያ ምናምን ጊዜ ሆዳቸውን ገልጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እሷ ወግታ ስትጨርስ ሁልጊዜ «እጅሽ ቀላል ነው፣ ይባርክሽ» ይላሉ። ይህ ትዝ ሲላት መንገዱ መሃል ቆመች፤ አንድ ሰው ከኋላዋ መጥቶ እንዳይነካት በሰፊው ዞሮ አለፋት። ከሁሉ የሚያንገበግባት የጠዋቷ ናት፤ «እኔ እኮ አልበላሁም ልጄ»። እውነቱን ነበር የነገሯት። በዚያ ቤት ውስጥ እውነት የተናገረ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እቤት ስትደርስ የምትለውን እየደጋገመች አጠናችው። እማዬ መድኃኒቱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ባሏ የሚለውን ይበል። ማርከሩን ይዞ ግንባሯ ላይም ያስምርበት። እግራቸው ላይ ትወድቃለች፣ በቆሰለው እግራቸው ላይ፣ እና ይቅርታ ትጠይቃለች። ደረጃውን ስትወጣ ወስናለች።

በሩን ስትከፍት ሁለቱም ሳሎን ናቸው። ይህ ራሱ እንግዳ ነገር ነው፤ እናት ቀን ቀን ከመጋረጃው አይወጡም። ሶፋው ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። መምህሩ ፊቱ ተፈትቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስት ወር ውስጥ ሸሚዝ ለብሷል።

«ነይ ተቀመጪ» አላት። «እማማ የሚነግሩሽ ነገር አለ።»

«እኔም የምነግራችሁ...» ብላ ጀመረች።

«እኔ ልቅደም ልጄ» አሉ እናት። አንገታቸውን ደፍተዋል። «ባልሽ ልክ ነው። በልቻለሁ።»

«ምንድን ነው የበላሽው?»

«ስኳሩን ነዋ። እናንተ ስትተኙ እየተነሳሁ። ሁለት ሁለት ማንኪያ ነው፤ አንዳንዴ ሦስት። በትንሿ ማንኪያ፣ እጀታዋ በታጠፈችው።» ትንሽ አሰቡ፤ ምን ቀረኝ እንደሚል ሰው። «ከረሜላውም አሥር ነበር፤ ሦስቱን በልቻለሁ። አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ተኳሿ ፔርሙሱን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ቃሎቹን ታውቃቸዋለች። ቃል በቃል ታውቃቸዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትስቅባቸው ነው የኖረችው። መምህሩ ግን አላስተዋለም። ተነስቶ የአማቱን ትከሻ ዳበሰ፤ እውነትም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። «እኔ እኮ ቂም የለኝም እማማ፤ እውነቱን ብቻ ነበር የፈለግሁት» አለ። «አዩ፣ ሲናገሩት እንዴት ቀለል እንደሚል?» ከዚያ ወጥ ቤት ገባና ሻይ ቀዳ፤ የማንኪያው ድምፅ ሦስት ጊዜ ተሰማ። እናት ይህን ጊዜ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን አይደለም፤ ደሞዙን ተቀጥቶ በነጋታው ሥራ እንደሚገባ ያወቀ ሰው እፎይታ ነው። እቤቱ ጸጥ ብሏል። ማንም አይጮህም። አሁን መናገር ነበረባት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ አጥንታታለች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደግ አደረግሽ የነገርሽን፣ እማዬ» አለች።

ያን ጊዜ ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላት ነበር። ግን ምላሷ ደህና ነበር፤ እንዲያውም ቀጠለ። ባሏ ሻዩን ይዞ ሲመለስ «መድኃኒቱን ወደ ድሮው መጠን መልሱት ብለውኛል» አለችው። «ስኳሩን ስለተዉ ነዋ!» አለ እሱ። «አዎ» አለች። አዎ ማለት እንደዚህ ቀላል መሆኑን እስከዛሬ አታውቅም ነበር። ፍሪጁ ውስጥ የቀሩትን ሦስት ብልቃጦች በጋዜጣ ጠቅልላ ከጎመን ልጣጭ ሥር ጣለቻቸው። አሥር ሰዓት ላይ እናቷን ወጋቻቸው። እናት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ስትጨርስም «እጅሽ ቀላል ነው፣ ይባርክሽ» አሉ።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መምህሩ መለካት አለበት ብሎ ተነሳ። የወረቀት ነገር ዛሬ አላሳሰበውም። ተኳሿ ጣታቸውን ወጋች፣ ጠብታዋን አስነካች፣ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ሦስት መቶ ዘጠኝ።

«መቶ ሃያ ዘጠኝ ወረደ!» ብሎ ጮኸ መምህሩ። «በአንድ ቀን! እማማ፣ ያዩታል? በአንድ ቀን! በቃ መተው ነው፣ ሌላ ምንም መድኃኒት የለውም።» ቁጥሩን በትልልቁ ጽፎ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈው። እናት ቁጥሩን አዩት። ከወረቀቱ ወደ መለኪያው፣ ከመለኪያው ወደ ወረቀቱ። እሳቸው ውሸታም ሆነው የዋሉ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ያልበሉትን ነው የተዉት። ታዲያ ያልበሉትን ቢተዉ ቁጥሩ ለምን ይወርዳል? ግንባራቸው ተጨማደደ። ከንፈራቸውን ነክሰው ብዙ አሰቡ። ተኳሿ ይህን ሁሉ ታያለች። እናት ከዚያ የገዛ እጆቻቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ተመለከቱና፣ የግራ እግራቸውን እየጎተቱ፣ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

ተኳሿ ሳህን አጠበች። ደረቅ የነበሩትን ሳህኖችም ደግማ አጠበቻቸው። ከዚያ ኮቷ ኪስ ውስጥ ያለውን መሐረብ አወጣች። ከረሜላዎቹ አልጋቸው አጠገብ ማደር አለባቸው፤ ይህን ያለው መድኃኒት ሻጩ ነው፤ አሁን ደግሞ በእርግጥ ሊያንቀጠቅጣቸው ይችላል። እግረ መንገዷን ሁሉንም ትነግራቸዋለች። በጆሯቸው፣ በቀስታ፣ ለሁለታቸው ብቻ። ባሏ ነገ ይሰማል። መሐረቡን በግራ እጇ ጨብጣ መጋረጃውን ገለጠች።

እናት ጠዋት እሷ ገፍፋ የተወችውን አንሶላ ራሳቸው አንጥፈውታል። የመጋረጃው ቀለበት ሲንኳኳ ተነሱ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ፣ ሁለት እጆቻቸውንም ከትከሻቸው በላይ አነሱ። በዚህ ጊዜ አላወረዷቸውም።

«ፈትሺኝ ልጄ» አሉ፣ መምህሩ እንዳይሰማ በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳላውቀው እየበላሁ ኖሯል። እኔ አልበላሁም ነበር የምለው፤ ባልሽን ዝም ለማሰኘት ነበር አዎ ያልኩት። ይኸው ግን ወረደ። እንቅልፍ ላይ ሆኜ እየተነሳሁ ይሆናል፤ ሽማግሌ ሰው ምኑ ይታወቃል። አሁንም ሳላውቀው ይዤ እንደሆነ ፈትሺኝ።»

ተኳሿ ተጠጋቻቸው። የግራ እጇን ከነመሐረቡ ከጀርባዋ ደብቃ በቀኝ እጇ ብብታቸውን ዳበሰች፤ ቀጥላ ወገባቸውን፣ የሹራባቸውን ሁለት ኪስ፣ የፀጉራቸውን መሸፈኛ። ኪሳቸው ውስጥ አንድ ቁልፍና የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነበር። ልብሳቸው ሥር ጎድናቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ምን ያህል እንደከሱ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀችም ነበር።

«ምንም የለም» አለች።

«ተመስገን» አሉ እናት፤ እጆቻቸውንም አወረዱ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የቆሰለውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉት። ልጃቸው አሁንም ቆማ ስታያቸው ፊቷን ያነበቡት መሰላቸው፤ የተቆጣች፣ ገና ይቅር ያላለች።

«ነገም ጠዋት ፈትሺኝ፣ እሺ?» አሏት።